ስለተዋስነው የንባብ መሣሪያና ስለ እህቴ ዐይን

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የኤሌክትሮኒክ ንባብ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ይልቁንም የጠራ ዐይን እመኛለሁ። ይህ ለእርስዎ የምጽፈው ስድስተኛው ደብዳቤ ነው። አምስቱ በመዝገብ ቤትዎ ማንም ሳይነካቸው በክብር ተኝተው ስለሚገኙ፣ ስድስተኛውን ምናልባት ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎት ይሆናል በማለት በጋዜጣ ማውጣቱን መረጥኩ።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ በማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ያነበበችው ስህተት ለመልቀም እንጂ ለደስታዋ አልነበረም፤ "ጡረታ ስወጣ እንደ ሰው አነባለሁ" ትል ነበር። ጡረታ ስትወጣ ዐይኗ ከዳት። ሐኪሙ ብርሃኗ ከመሃል እየተበላ እንደሚሄድ፣ ፊደሉ ከተለቀላት ግን አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ከመንፈቅ ማንበብ እንደምትችል ነገራት። መሥሪያ ቤትዎ ዐይናቸው ለደከመ አንባቢዎች ፊደል የሚያተልቅ የንባብ መሣሪያ እንደሚያውስ ማስታወቂያ የለጠፈው በዚያው ሰሞን ነበር፤ በደስታ ፈርመን ወሰድን። ይኸው ከወሰድን አሥራ አራት ወር ሆነን። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን ውለታ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ከመሣሪያው ጋር የተሰጠን የአጠቃቀም መመሪያ፣ ለዐይነ ደካማ የተዘጋጀ መሆኑ በደንብ ታስቦበት ይመስላል፣ እኔ ጤነኛው እንኳ በአጉሊ መነጽር ባነበብኩት ፊደል የታተመ ነው። መጨረሻው ላይ "ሙሉውን መመሪያ በመሣሪያው ውስጥ ያገኙታል" ይላል። መሣሪያውን እንዴት እንደምንከፍተው የሚነግረን እሱ ራሱ ከተከፈተ በኋላ መሆኑን ስረዳ እጄን በአፌ ጫንኩ።

2ኛ. መጽሐፍ የሚገባው መሣሪያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይም በሲዲ የሰጣችሁንን ፕሮግራም ጭኖ ነው ተባልን። በጥረዛ ክፍሌ ያለው ኮምፒውተር ለፕሮግራሙ አርጅቷል ተባለ። ተበድሬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱ ደግሞ ለፕሮግራሙ አዲስ ሆነበት። በእርዳታ መስመርዎ ላይ ያሉት ትሑት ሴት "አጥፍተው ያብሩት" አሉኝ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ይህንኑ ምክር አሥራ አንድ ጊዜ ከሰጡኝ በኋላ ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ መሆኑ ገባኝ። በመጨረሻ ለካስ የሚያስፈልገው ከአሮጌዬ ያላረጀ፣ ከአዲሱም አዲስ ያልሆነ፣ በሁለቱ መሃል የተወለደ ኮምፒውተር ኖሯል። እንዲህ ያለው ደግሞ በእናንተው ምድር ቤት ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፤ "ለሕዝብ አይፈቀድም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እግዜር ይስጠውና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከመሰሉ አንድ ስላለው፣ ከስፌት መኪናው ጎን አስቀምጠን ሠራን። መጽሐፉ ግን ሌባ እንዳይወስደው ተቆልፎ የሚመጣ ነውና ቁልፉ አስቀድሞ በአዲሱ ኮምፒውተር ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ስሙን ለማዛወር ሁለት ወር ፈጀ። በዚህ ሁኔታ እህቴ የመጀመሪያውን ገጽ ያየችው በሰባተኛው ወር ነው።

3ኛ. እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢያልቅብኝ ይቅርታዎን በቅድሚያ እለምናለሁ። በተከፈተው ገጽ ላይ ከሦስት ፊደል አንዱ ሳጥን ነበር። የመሣሪያው ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን በሙሉ እንደማያውቅ፣ የማያውቀውንም በባዶ ሳጥን እንደሚተካ እኔ ዛሬ ገብቶኛል። እህቴ ግን የማተሚያ ቤት ሰው ናት። ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎች አንድ በአንድ እየተለቀሙ በሚታተሙበት ዘመን፣ ፊደል ለቃሚው አንዱ ሲያልቅበት ሌላውን ገልብጦ ይተክልና በረቂቁ ላይ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ የጎደለው የትኛው ፊደል እንደሆነ ለይቶ በኅዳጉ መጻፍ የአራሚ ሥራ ነው። እትዬም ሳጥኖቹን ባየች ጊዜ "ረቂቁን ነው የላኩልን፤ ሰዎቹ ፊደል አጥሯቸዋል" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ብነግራት፣ ብቆጣት አልሰማ አለች። "ስህተት አይቶ ማለፍ አልተማርኩም" ነው መልሷ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ አጉሊ መነጽሯን ከመሣሪያው ላይ አጣብቃ፣ የሳጥኖቹን ፊደል አንድ በአንድ አወጣች፤ ገጽ፣ መስመር፣ የጎደለው ፊደል። አርባ ሦስት ገጽ ደብተር ሞላ። ዐይኗ ሲያለቅስ ጠርጋ ትቀጥላለች። በራሴ እጅ ጠርዤ፣ በጨርቅ ልባስ አስውቤ ለመሥሪያ ቤትዎ አስረከብኩ። የተሰጠን መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ "ለጠቃሚ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ሆኖም በተገቢው ቅርጸት ስላልቀረበ ማስተናገድ አልተቻለም።"

ክቡር ሆይ፣ ያ ደብተር ቅርጸት ነበረው። የአንዲት ሴት የመጨረሻ ብርሃን ነው። እድሜዋን ሙሉ ለሌላው ስታርም ኖራ፣ ለራሷ ያስቀረቻትን ጥቂት የእናንተን ሳጥን ስትሞላበት ጨረሰች። ያናደደኝ ፕሮግራማችሁ ከኮምፒውተር ጋር አለመግባባቱ አይደለም፤ ማሽን ከማሽን ቢጣላ ወግ ነው። ያናደደኝ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ደብተሩን ገልጦ "ይህን የጻፈው ማን ነው?" ብሎ አለመጠየቁ ነው።

4ኛ. ዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ እህቴ "ተጠቃሚ" ተብላ ተቆጥራለች። ስለ ቆጠራው ምስጋናችን ወደር የለውም።

ፊደሎቹ ይሟሉልን ብለን ካመለከትን ደግሞ አምስት ወር ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ሦስት መቶ መጽሐፍ በመሣሪያው ውስጥ እንደታጨቀ በመሳቢያችን ተቀምጦ አንዱንም አላነበብንም። ጊዜ እንዳለን አድርገው ስለሚያስቡልን እናመሰግናለን፤ እኛ ግን የለንም።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በማያልቅ ትዕግሥት (ትዕግሥቱ የእህቴ ነው፤ የእኔ አልቋል) እሰናበታለሁ።

ታዛዥ አገልጋይዎ፣
መጽሐፍ ጠራዡ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት፣ ባለሙያዎ ሳይጠበቁ መጥተው በግማሽ ሰዓት ሁሉን አስተካከሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ አልተረትኩባቸውም፤ ወጣትና ጨዋ ናቸው፣ አንድም ሳጥን አላስቀሩም። እንደሄዱ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ፣ ፊደሉን የመጨረሻው ትልቅ ላይ አድርጌ፣ እህቴ ጭን ላይ አኖርኩላት። መዳፏን በመስታወቱ ላይ አሳልፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች "ታዲያ መቼ ነው የምትከፍተው?" አለችኝ። እኔም አሁንም አልሠራ ብሏል አልኳት። ጋዜጣ የማነብላት እኔ ስለሆንኩ ይህን ገጽ እዘለዋለሁ። እርስዎን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ እህቴ ደውላ ከጠየቀችዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሳይሳሳት የሚሰጠውን ያንኑ መልስ ይስጡልኝ። ገና እየተሠራ ነው ይበሏት።