ከቀኝ ጀምረሽ አንብቢው

ድምቡሼ፣

እቤት አትግቢ። ታች ልብስ ሰፊዋ ጋ ጠብቂኝ። ስልክሽ እንደ ልማዱ ስለማይነሳ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ።

ቅዳሜ ያየነው የጃፓን ፊልም ትዝ ይልሻል? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ "ማንጋው ላይ እንዲህ አይደለም፣ ታሪኩን ገልብጠውታል" እያልሽ ጆሮዬን አደነቆርሽው። ዛሬ ክፍልሽን ስጠርግ ያንን ማንጋ የምትዪውን የሥዕል መጽሐፍ ከአልጋሽ ሥር አግኝቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

የገለበጥሽው አንቺ ነሽ። የጃፓን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ አንቺ እንደ እኛው ከግራ ጀመርሽው። የታሪኩ ሰውዬ ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አቋርጦ ከቤቱ የሄደ የመሰለሽ ለዚያ ነው። አልሄደም። እየገባ ነው።

ሳቄ መጣ። ከዚያ ሐሙስ ያልሽኝ ትዝ ሲለኝ ሳቄ ጠፋ። ኮሪደሩን እየወለወልሽ "ጫማው ጭቃ የነካው ሰው ከቤታችን ወጥቷል" ስትዪኝ፣ "ፊልም አታብዢ" ብዬ አሾፍኩብሽ።
ስለማሾፌ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ዛሬም ጭቃ አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የጫማው ጫፍ ወደ ውስጥ ነው የሚያየው፤ ወደ ውጭ የሚመለስ ዱካ አንድም የለም። የሚያልቀው አንቺ ክፍል፣ ቁም ሳጥኑ ፊት ነው። መጽሐፉን ያነበብኩት እሱን ተደግፌ ነው።

አከራያችንን ልጠራ ሄጃለሁ። ይህን ወረቀት የለጠፍኩት የውጭው በር ላይ ነው።
ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ካገኘሽው፣ ያስገባሁት እኔ አይደለሁም።