የቅዳሜ ልጆችሽ

ውድ እታለም፣

እንዴት ነሽ? ሆስፒታል ገብተሽ ከቀረሽ ወዲህ እንዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ስለጠፋ እኔ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ሁሉም ስላንቺ ያወራል፤ ካንቺ ጋር የሚያወራ ግን የለም።

ከቀብሩ በኋላ እማዬ ልጆቹን የምታስተምሪበትን የጓሮ ክፍል መስኮት በካርቶን ሸፈነችው። «የልጆቹን ድምፅ ስሰማ እሷም ያለች ይመስለኛል፤ አንጀቴ አይችለውም» አለች። ዕቃ ማስቀመጫ ልታደርገው ነው። ልጆቹስ የት ይሂዱ? ትምህርት ቤት ማንበብ ያቃተው ከኋላ ተቀምጦ ዝም ይላል። አፋቸው የሚፈታው አንቺ ጋ ነበር።

«እኔ ላስተምራቸው» አልኩ።

«አንተ ራስህ ተማሪ አይደለህ እንዴ?» አለች እማዬ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አንድ ቅዳሜ ይሞክር። ካቃተው ይዘጋል» አለ።

እታለም፣ አስተማሪነትሽ ለእኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ልጁ ያየውን ያወራልሻል፤ አንቺ እሱ እንዳለው በትልልቁ ትጽፊለታለሽ፤ ከዚያ የራሱን ወሬ ያነባል፣ ይገለብጣል። «ይሄም ትምህርት ሆኖ!» ብዬ ስስቅ፣ «አንተ ወሬኛ፣ የራሱን ወሬ ማን ይረሳል? ይልቅ ጠመኔ አቀብለኝ» ትይኛለሽ።

«ደመወዜስ?»

«ምሳ በልተህ የለ!»

አልነገርኩሽም እንጂ ቅዳሜን የምወደው ለዚህ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ብቻዬን ከፈትኩት። ካርቶኑን አነሳሁ፤ አግዳሚዎቹን ወለወልኩ። ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ቆሙ እንጂ አልገቡም። መስመር እየዘለለ ስለሚያነብ ፌንጣ ያልሽው ትንሹ ልጅ «ዛሬ ቲቸር አንተ ነህ?» አለኝ።

«ምነው፣ አልመስልም?»

«ጢም እንኳን የለህም!»

«እትዬስ ነበራት?»

ሳቁና ገቡ።

ከዚያ የምለው ጠፋኝ። ግድግዳው ላይ ከለጠፍሻቸው ወረቀቶች አንዱን አንስቼ ላነብላቸው ቆምኩ። የፌንጣ ወሬ ነው፣ በአንቺ እጅ የተጻፈ። «ዝናብ ዘነበ። ጫማዬ ራሰ። በሩ ላይ ቆምኩ።» ቀጥሎ ያለው «እትዬ መጣች» ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ደግሜ ሞከርኩ። ውጭ ልብስ ታሰጣ የነበረችው እማዬ እጇ ሲቆም በመስኮቱ አየሁ። በቃ፣ ተዘጋ፣ አልኩ በልቤ።

ፌንጣ ተነስቶ አጠገቤ መጣ። ፊደሉ ያቃተኝ መስሎታል። ሌሎቹ እንዳይሰሙብኝ በጆሮዬ «አይዞህ፣ እኔንም እዚች ጋ ነው የሚያቅተኝ» አለኝና ጣቱን ከቃሉ ሥር አኖረልኝ።

አብረን አነበብነው። ሌሎቹም ተከተሉን።

ሲወጡ እማዬ አንገቷን ሳታቀና ጮኸችባቸው፦ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እግራችሁን ሳትጠርጉ ትገቡና ውርድ ከራሴ!»

ለልጆችሽ እኔ አለሁላቸው።

ወንድምሽ