ከዋንዛ የተፈለፈለችው ካሚዮን

ይድረስ በሱዳን ገዳሪፍ ለሚኖረው ለወንድሜ ለሀብተማርያም።

እንደምን ከረምህ ወንድማለም? ከጉና ብርድ ቆንጥሬ ብልክልህ በወደድሁ፤ ገዳሪፍ ሰውን እንደ ገብስ ይቆላል ይሉኛል። ወባውስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያንቀጠቅጥሃል? ፈንታነሽስ እንደምን አለች? ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ ጤና ናቸው? አማርኛቸውን አልረሱም? እኛ ስሙ ይመስገንና በሕይወት አለን። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይጮኻል፤ ዓይኔ ግን ገና ነው። የሺም ደህና ናት፤ ከእኔ ጋር እየኖረች ደህና መሆኗ ራሱ ተአምር ነው ትላለች።

ባለፈው በላክኸው ቃል፣ ሥራ ፈትቼ ቀኑ አልመሽ አለኝ፣ አንተስ በዚያ ጣሊያን በዘጋው ከተማ ምን ትሠራለህ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ልንገርህ፤ ግን አትሳቅ። መኪና እሠራለሁ። ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጎማዋ የሚሽከረከር፣ መሪዋ የሚዞር ካሚዮን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ነጋዴው ሞላ የታመነ ሰው ስለሆነ ሳልሸሽግ እጽፍልሃለሁ።

እንደምታውቀው ካቻምና በየካቲት አዲስ አበባ ላይ የተማረውን እየለቀሙ ከፈጁ ወዲህ፣ እኔ ለጣሊያኖቹ ፊደል ያልቆጠርሁ የማር ነጋዴ ነኝ። ያገሬው ሰው ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ መማሬን ያውቃል፤ አፉን ግን እንደ ስልቻ አስሮታል። መጻሕፍቴንም የመለኪያ ሜትሬንም ቀብሬያለሁ። የሠለጠነ እጅ እንዳለኝ ቢታወቅ መጨረሻዬን ልነግርህ አያስፈልግም።

ነገሩ የተጀመረው በንዴት ነው። ሰኔ ላይ አንድ የጣሊያን ካሚዮን ከገበያው በታች ሆዱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ከየቤታችን አውጥተው በአለንጋ አስገፉን። ጭቃው ፊቴ ላይ እየተረጨ ጎንበስ ብዬ ከሥር ስመለከት ንዴቴን ረሳሁት። የሞተሩ ኃይል በረጅም ዘንግ መጥቶ፣ ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለ ድቡልቡል ብረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ቀርቤ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ እኩል እንደማይጠመዘዙስ አስተውለህ ታውቃለህ? የውስጠኛው ይበልጥ ይጠመዘዛል። በስንት ይበልጣል? ምንስ ያዘዋል? በእጄ ካልሠራሁት አይገባኝም አልሁ።

ሰውነቷን ከዋንዛ ፈለፈልሁ፤ ዋንዛ ለካራ ይታዘዛል። ለጎማው የበሬ ቀንድ እንደ ቀለበት እየቆረጥሁ እርጥብ ጠፍር አለበስሁት፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ቀንዱን ጨምድዶ ይይዛል። ሸክሙን የሚችለውን የተደራረበ ብረት ከጣሊያኖቹ የቲማቲም ቆርቆሮ ቆራረጥሁ። ከፊት ጎማዎቹ የሚወጡትን ሁለት አጫጭር ዘንጎች ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጌ በአንድ አግዳሚ ባያያዝኋቸው፣ መሪዋ ሲዞር የውስጠኛው ጎማ በራሱ ይበልጥ ተጠመዘዘ። መብራቶቿ የጥይት ቀለህ ቂጦች ናቸው። ለመስኮቱ የሚሆን መስተዋት ስላጣሁ፣ ብራና ፋቂው ገብረየሱስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ የሳሳ ቁራጭ ሰጠኝ። «አያ ዘውዱ፣ ለዳዊት የታሰበ ቆዳ ለሰይጣን ሠረገላ መስኮት ሆነ!» እያለ፣ እያማተበ ነው የሰጠኝ። በማግስቱ ግን መስኮቱ እንዴት እንደወጣ ለማየት ከሰው ሁሉ ቀድሞ መጣ።

ልኩን የወሰድሁት በክንድ ነው። ሜትር ይዤ ካሚዮን አጠገብ ብገኝ ያኑ ዕለት እሰቀላለሁ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ያለውን በጣቴ ውፍረት ብለካው ሃያ አራት ጣት ስለሆነ፣ ለአንድ ክንድ አንድ ጣት ብዬ ወሰንሁ። ዱቄት እንድናወርድ ሲጠሩን ደከመኝ ብዬ ክንዴን እያስደገፍሁ የጭነቱን ሳጥንና ጎማውን ለካሁ። ወደ ሞተሩ በኩል ግን ሹፌሩ እንቁላል ከምትሸጥለት ከጎረቤታችን ከጸዳለ በቀር ማንንም አያስጠጋም። እሷን ለመንኋት፤ ቅርጫቷን ከሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፋ ለክታ መጣች። በነገረችኝ ልክ ብሠራው የመኪናይቱ አፍንጫ እንደ አህያ ፊት ረዝሞ ወጣ። መቁጠር የማትችል ብዬ ሰደብኋት። እሷም እንቁላል ከለከለችን።

ኋላ ገበያ ውዬ አንድ ገበሬ አቡጀዲ ሊገዛ ረጅም ወንድሙን አስከትሎ መጥቶ፣ «በራስህ ክንድ አይሆንም፣ በእሱ ክንድ ለካልኝ!» እያለ ከነጋዴው ጋር ሲሟገት አየሁና ደርቄ ቀረሁ። አንዲት መኪና በሁለት ሰው ክንድ ለክቻለሁ! አባታችን አቡጀዲ ሲገዙ አጎታችንን አያ ማሬን ይዘው አልነበር የሚሄዱት? ሮጬ ወደ ጸዳለ ሄድሁና ይቅርታ ጠይቄ ክንድሽን ዘርጊልኝ አልኋት። «አያ ዘውዱ፣ ክንዴን ሲለኩ እመይቴ የሺ ያውቃሉ ወይ?» ብላ ሰፈሩን በሳቅ አደበላለቀችው። ክንዷ ከእኔ በሦስት ጣት ያጥራል። አፍንጫውን ቆርጬ እንደገና ሠራሁት።

አንተም ብትጀምር በአንድ ሰው ክንድ ለካ፣ እርጥብ እንጨት አትንካ፣ ከጎማው ጀምር። ሰውነቱን አስቀድሞ የሚሠራ ሰው ኋላ ጎማውን የሚያስገባበት ያጣል። እኔ በዚህ ምክንያት ጥሩ ጥሩ ዋንዛ አበላሽቻለሁ፤ አንተ ግን እንጨት በማይገኝበት አገር ነህ።

መኪናይቱ እውነተኛውን ስትመስል ደግሞ አልረካሁም። ያችው ጭቃ ውስጥ የምትሰምጥ መኪና ናታ! ለእኛ መንገድ ተብላ ብትሠራስ ኖሮ? ጎማዎቿን አውጥቼ ከትልቅ ቀንድ ሰፋፊ አድርጌ ተካሁላት፤ ሆዷ ከድንጋይ ከፍ አለ። ከፍ ስትል መታጠፊያ ላይ ተገለበጠች። እግሮቿን አራርቄ አረጋጋኋት። የጉናን በረዶ እንድትችል ጣሪያዋን ፍየል ቆዳ አለበስሁት። ከዚያ ጣውላ ላይ ጭቃ ቀብቼ፣ ጠጠር ጭኜባት በክር ጎተትኋት፤ መጀመሪያ በጠባቡ ጎማ፣ ቀጥሎ በሰፊው። ጠባቡ ሰመጠ። ሰፊው ጭቃውን እየረገጠ ወጣ! ብቻዬን አጨበጨብሁ። የሺ አበደ ብላ ከጓዳ ብቅ አለች።

ባለፈው ሳምንት መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ሲፈትሹ፣ አንድ የጣሊያን አሥር አለቃ ከአስተርጓሚው ከወርቁ ጋር ገባ። መኪናይቱ ጣውላው ላይ ነበረች። አነሣት፣ አገላበጣት፣ ጎማዋን አሽከረከረና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወርቁም «እነዚህ ሰዎች ዓይን የላቸውም ወይ? እንዲህ ያለ ትልቅ እግር ያለው ካሚዮን የት አይተው ነው? ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። ወንድሜ፣ ደሜ ፈላ። የእነሱ ካሚዮን ለምን እንደሚሰምጥ በፈረንሳይኛ ላስረዳው አፌን ከፈትሁ። የሺ ተረከዟን እግሬ ላይ ተከለችውና «ጌታዬ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ጃጅተዋል፤ እንደ ልጅ ይጫወታሉ» አለች። ጃጅተዋል! በሃምሳ ሦስት ዓመቴ!

ጎንበስ ብዬ የተረገጠውን እግሬን አሻሸሁ። አሥር አለቃው መሪዋን ጠምዘዝ ሲያደርግ ግን የፊት ጎማዎቿ ሲታጠፉ አየና መሳቁን ተወ። ለመንገድ ሥራው መሐንዲስ አሳየዋለሁ ብሎ በብብቱ ይዟት ወጣ። ወርቁ ደጃፉ ላይ ቀረት ብሎ፣ «አባቴ፣ ይኸኛው ይስቃል፤ መሐንዲሱ ግን አይስቅም» ብሎኝ ሄደ።

መሐንዲሱ በአንበሳሜ በኩል ነው፤ ሰሞኑን ይመለሳል አሉ። ስለዚህ ነገ የሺንና ልጃችንን ዓለሚቱን ይዤ በበቅሎ ወደ ጉና፣ የሺ ወንድም እሸቴ ዘንድ እወጣለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ እግሬ ቢሸሽም ልቤ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የውስጠኛው ጎማ ለምን ይበልጥ እንደሚጠመዘዝ ያስተውል ይሆን? ሰፊ ያደረግሁበት ምክንያት ይገባው ይሆን? ከገባው አንገቴን ይፈልገዋል። ካልገባው ደግሞ፣ እግዜር ያሳይህ፣ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ነው አገራችን ላይ መንገድ የሚሠራው! ከሁለቱ የትኛውን እንደምመኝ ገና አላወቅሁም።

ለፈንታነሽ፣ የሺ ጉንጭሽን ትስምሻለች በልልኝ። ልጆችህን በየተራ ሳምልኝ፤ ታላቁን ጆሮውን ቆንጥጠህ ፊደሉን አስጠናው። አብሮህ ለተሰደደው ለአክስታችን ልጅ ለጌጡም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዓለሚቱ አጎቴ ናፈቀኝ ብላለች። አምላክ በአንድ መሶብ ያሰባስበን።

ወንድምህ ዘውዱ
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.