ዋርካው የወደቀበት ሳምንት

ሰኞ

ዋርካው ዛሬ አሸነፈ። ከመድረኩ ሲወርድ ግን ግራ እግሩን ጎተተ። አባባ «ይችለዋል» አሉ። እኔ አልመሰለኝም።

ዋርካው ያልነው እኛ ነን። የጃፓን ስሙ ረጅም ነው፤ ለአባባ አፍ አልመች ስላለ ታጋዮቹን ሁሉ በመልካቸው ስም አወጡላቸው። ግንቡ፣ ሎንቺናው፣ አንገት የለሹ። ዋርካው ያረጀው ነው፣ ሁለቱም ጉልበቱ በፋሻ የተጠቀለለው። አባባ ከሁሉም እሱን ይወዳሉ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሱሞ፣ ያንን የጃፓን ትግል፣ የሚያይ ሌላ ቤት ያለ አይመስለኝም። የጀመርነው አምና ነው፤ ሐኪሙ ግላኮማ ነው፣ የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቅ ካለ በኋላ። አባባ ኳስ ማየት ትተው ነበር፤ ኳሷ ጠፋቻቸው። አንድ ጠዋት ጣቢያ ስቀያይር ሁለት ግዙፍ ራቁት ሰዎች ነጣ ባለ የአፈር መድረክ ላይ ሲላተሙ መጣ። ልቀይረው ስል «ተይው! እነዚህ እንኳ ይታዩኛል» አሉ። በወጣትነታቸው ካራቆሬ አካባቢ ሠርግ ላይ ትግል ይገጥሙ ነበር። ጎረቤቶች «ረሂማ አባቷን ምን ታሳያለች!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

የማስተምረው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋቴ ከአባባ ጋር ነው።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ዋርካው ተሸነፈ። አንገት የለሹ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ድግ ይዞ እንደ ጆንያ ከክቡ አወጣው። ዋርካው እስካሁን አምስት አሸንፎ አምስት ተሸንፏል። ውድድሩ አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ስምንት ያሸነፈ ደረጃውን ይይዛል፣ ስምንት የተሸነፈ ይወርዳል። በዚህ ዕድሜው ከወረደ ተመልሶ የሚወጣ አይመስለኝም። አባባ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተዉት።

ወንድሜ እንድሪስ ከደብረ ብርሃን ደወለ። «ዓይናቸው እንዴት ነው?» አለኝ። አባባ ከጎኔ ሆነው «ያው ነው በይው» ይሉኛል። ያው ነው አልኩት። ከባሰባቸው እሱ ጋ ይሄዳሉ፣ እርሻው ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ የሚለው ይህንን ነው። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ይፈራል። አባባ ደግሞ ደብረ ብርሃንን እንደ እስር ቤት ነው የሚያዩት። «ያ ብርድ ሰው ይደርቅበታል» ይላሉ።

እኔስ? ከፍቺ በኋላ የተመለስኩት እዚህ ቤት ነው። እሳቸው ከሄዱ ግድግዳውን ላወራ ነው።

ረቡዕ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

የዋርካው ተራ ሊደርስ ሲል ቴሌቪዥኑ ጠፋ። መብራት አልሄደም፣ ድምፁም አለ፤ ምስሉ ብቻ ድርግም ብሎ ጥቁር ሆነ። ልነሳና ገመዱን ልነካካ ስል አባባ «ቁጭ በይ፣ እየጀመሩ ነው» አሉኝ።

ዞሬ አየኋቸው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ነበር። የዳኛው ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ የሰውነት መላተም፣ ከዚያ የሕዝቡ ሁካታ። አባባ በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ «ያዘው! ድጉን በቀኝ እጁ ያዘው! አየሽ?» አሉ።

አየሁ አልኩ።

«ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ» አሉና አጨበጨቡ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማንጎው ሥር ቆሜ ወደኋላ ቆጠርኩ። ትናንት ብርጭቆውን ሲስቱት፣ ባለፈው ሳምንት ነጠላ ጫማቸውን አዙረው ሲያደርጉ፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ያ ረቢ። አብረን ቁጭ ብለን ስንት ትግል «አየን»?

ዋርካው እውነትም አሸንፎ ነበር። በስልኬ አረጋገጥኩ።

ሐሙስ

ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ እርሻው ሲሄዱ ከሩቅ ተከተልኳቸው። በመስኖው ቦይ ዳር በዱላቸውም በእግራቸውም እየዳሰሱ ይሄዳሉ፤ መንገዱን ሰውነታቸው ያውቀዋል። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጆሮአቸውን ሰጥተው ጠበቁ። አንድ አይሱዙ አለፈ። ጸጥ ሲል ገቡ። ከደብረ ሲና በኩል ቁልቁለቱን የጨረሰ ሚኒባስ ሞተሩ ሳይሰማ መጣ። ሮጬ ከኋላ ጎተትኳቸው። ሁለታችንም ተያይዘን ወደቅን። ሹፌሩ በመስኮት ተሳድቦ ሄደ።

አፈሩ ላይ እንደተቀመጥን «አንቺ ነሽ?» አሉኝ። ፊቴ ከፊታቸው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?»

ዱላቸውን ከአፈሩ ላይ ፈልገው አነሱ። «ግራው ከረመዳን በፊት ሄደ። ቀኙ ጥላ ጥላ ይል ነበር። አሁን እሱም የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ለእንድሪስ ትነግሪዋለሽ። እሱ ይወስደኛል። አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ።» ጉልበቴን ፈልገው መታ መታ አደረጉኝ። «ሽንኩርቱ እስኪነሳ ዝም በይልኝ።»

ደግፌ አስነሳኋቸው።

ከተመለስን በኋላ ትግሉን በጥቁሩ ቴሌቪዥን ሰማን። አሁን ማስመሰል የለም። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። መላተሙን ሰማሁ፣ የእግር መጎተቱን ሰማሁ፣ ማን ማንን እንደገፋ ግን ምንም አልገባኝም። አባባ «ተሸነፈ» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ሲሸነፍ ሕዝቡ ቀድሞ ያዝናል።» ስልኬን አየሁ። ልክ ናቸው።

ክፍል ገብቼ ያስተማርኩት ምን እንደሆነ አላስታውስም።

አርብ

ቴሌቪዥን ጠጋኙ ጋሼ ተፈራ መጥቶ ከኋላ ያለው መብራቱ ነው የሞተው አለ፤ ቀየረልን። «አሁን ጥሩ አድርጎ ይታያል፣ አባባ» አላቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ይታያል» አሉት። ለጋሼ ተፈራ ከፍዬ ሸኘሁት።

ዋርካው አሸነፈ። እኔ በዓይኔ አየሁ፣ እሳቸው በጆሯቸው። አንድ ብቻ ቀረው። ትንሽ ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴ ራሱ አስጠላኝ።

ለጁምዓ ራሴ እስከ መስጊዱ በር ሸኘኋቸው። ክንዳቸውን ስይዝ አስለቀቁኝ። «ሰው ያያል» አሉ። ስለዚህ ግማሽ እርምጃ ቀድሜ እየሄድኩ «ድንጋይ» «ቦይ» እያልኩ ሹክ አልኳቸው። ከሩቅ የሚያይ ሰው የምንጨዋወት ይመስለዋል።

እንድሪስ ነገ ይመጣል። አልዋሸውም አልኳቸው። «አትዋሺ። ዝም በይ» አሉ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ቅዳሜ

እንድሪስ ብርድ ልብስና ካፖርት ይዞላቸው መጣ። በዚህ ሙቀት! አባባ ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ቀለሙ ያምራል» አሉ። ልሞት ነበር።

ሦስታችንም ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። እንድሪስ ሱሞ አይቶ አያውቅም፤ «ጨው የሚበትኑት ለምንድነው?» ይላል፤ አባባ መድረኩን ለማንጻት ነው እያሉ እንደ ሊቅ ያስረዱታል። ዋርካው ከሎንቺናው ጋር ገጠመ። ሁለቱም ተያይዘው ከክቡ ውጭ ወደቁ። ዳኛው ወደ ዋርካው ጠቆመ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ አባባ እጃቸውን አነሱ፤ «አለቀ! ስምንት ሞላ!»

ከታች የተቀመጡት ጥቁር ልብስ የለበሱ ፈራጆች ግን ተነሥተው መድረኩ ላይ ወጡ፤ ቆመው ተነጋገሩ። ውሳኔው ተገለበጠ። የዋርካው ክርን ቀድሞ መሬት ነክቶ ኖሯል። ዳኛው ወደ ሎንቺናው ጠቆመ። ዋርካው አጎንብሶ ሰላምታ ሰጥቶ ወረደ። ይህ ሁሉ በዝምታ ነው የሆነው፤ የተነገረውም በጃፓንኛ ነው። አባባ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው። «እንድሪስ፣ አየኸው የኔን ሰው? ሲያሸንፍ እንኳ አይኩራራም።»

እንድሪስ ቴሌቪዥኑን አየ። አባባን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። እጁን ዘርግቶ በአባባ ዓይን ፊት ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰ። ምንም።

ተነሥቶ ወጣ። ማንጎው ሥር ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስኮቱ አየሁት።

«የት ሄደ?» አሉ አባባ።

«ዋርካው አላሸነፈም፣ አባባ። ውሳኔውን ቀየሩት።»

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የወረደው። «እንዲህ ነው እንዴ» አሉ። ከዚያ ራሳቸው ጠሩት፤ «እንድሪስ፣ ና። ና ልንገርህ።» ሁሉንም ነገሩት፣ አስፋልቱን ሳይቀር። እኔ ሐሙስ ማወቄን ብቻ ዘለሉት። እኔው ተናገርኩ። እንድሪስ አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

እንድሪስ ጠዋት ሊወስዳቸው ነበር። አባባ «የመጨረሻው ቀን ነው» አሉት። ሌላ አልለመኑም። ቆየ።

ሰባት ለሰባት። ዋርካው የገጠመው ግንቡን ነው። አባባ «በይ ንገሪኝ» አሉኝ። ሱሞ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ጨው በተነ። ተቀመጠ። እጁን መሬት አስነካ... ተላተሙ! ግንቡ አንገቱ ሥር ገባ፣ እየገፋው ነው—»

«እግሩስ? እግሩን ንገሪኝ!»

«ግራው ይንሸራተታል—»

እንድሪስ ብድግ ብሎ ነበር። «የለም፣ ቆመ! አባባ፣ ክቡ ጠርዝ ላይ በተረከዙ ቆሟል! ድጉን ይዟል! ሊያዞረው ነው!»

አባባ በሁለት እጃቸው የሁለታችንንም ልብስ ጨምድደው ይዘዋል።

የዋርካው ጉልበት ከዳው። ግንቡ እንኳ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም።

አባባ ልብሳችንን ለቀቁና «ተነሣ?» አሉ።

«ሰው ደግፎት ነው» አልኩ።

«ይደግፉት» አሉ። ዙሁር ሰግደው ልብሳቸውን አስያዙኝ። የእንድሪስ መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቱን አላወረዱም።

ሰኞ

ቤቱ ሙቀቱን ይዞ ቁጭ ብሏል። ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩም። የሽንኩርቱን ሠራተኞች አነጋግሬ፣ ከሰዓት አስተምሬ መጣሁ። ሁለት ሰሃን አውጥቼ አንዱን መለስኩ።

ወደ ማታ እንድሪስ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሐኪሙ ዛሬ አይቷቸዋል፤ ያው የተባለው ነው፣ አይመለስም። መች ይመለሳሉ፣ ይመለሳሉ ወይ፣ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን ትናንት በመንገዳቸው ጣርማ በር ዋሻ ላይ የሆነውን ነገረኝ። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ብርዱ መጣ፣ ድምፁም ተለወጠ። አባባ «ጨለመ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። «አዎ አባባ፣ ዋሻው ነው፣ ለሁላችንም ጨልሟል» አላቸው። ያን ጊዜ እጁን ፈልገው ያዙት።

ዋሻውን ከወጡ በኋላም አልለቀቁትም አለኝ። እስከ ቤቱ ድረስ።