ክቡ ፊደል

ማክሰኞ፣ ከትምህርት ቤት የቀረሁበት ቀን

ወንድምዬ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ኮምፓስህንና ማስመሪያህን አልነካሁም፤ ጠረጴዛው ላይ እንደተውካቸው ናቸው። ሰማያዊ ሸሚዝህን ግን ለብሼዋለሁ፤ አትቆጣ።

የመጨረሻዎቹ ለቅሶኞች ትናንት ሄዱ። እማዬንም አክስታችን ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች። እዚህ ከበራችን ስትወጣ ያ ጽሑፍ ፊት ለፊት ይጠብቃታል፦ «ይን ክሊኒክ»። ክቡ ዐ የለም።

ሰፈሩ አሁንም «ወፍራሙ» ይልሃል። አጥንትህ እየተቆጠረ ወፍራም ያስባሉህ ከቆርቆሮ እየሠራህ የምትሰቅላቸው ፊደሎችህ ናቸው። «እኔ የማበላው አንተን፣ የሚወፍሩት እነሱ!» ትልህ ነበር እማዬ። ጭራ የላቸው፣ ጌጥ የላቸው፤ ክብ፣ ካሬና ቀጥ ያለ መስመር ብቻ። ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተሯም «ጌጡ ለሠርግ ካርድ ይሁን። ይሄ ዐይኑ የደከመ ሰው ከመንገድ ማዶ እንዲያነበው ነው» ብለሃቸው ነበር።

ክቡን ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትሰቅለው። ሌሎቹን ግድግዳው ላይ የምትወጥረው ሲባጎ ያስተካክላቸዋል። ክብ ግን ልክ ሲባጎው ላይ ካረፈ ያነሰ ይመስላል፤ ከላይም ከታችም ትንሽ ማለፍ አለበት። ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ማዶ የቆመ ሰው ነው። ማዶ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

«ትንሽ ዝቅ! ኧረ በዛ!»

«ወስን እንጂ፣ ክንዴ ሊገነጠል ነው!»

የወደቅክ ቀን ግን ፈተና ነበረኝ። የክሊኒኩ ዘበኛ እንደነገረን፣ ራስህ ልታየው ብለህ መሰላሉ ላይ እንዳለህ ወደ ኋላ ተለጠጥክ።

ፈተናውን አልፌያለሁ።

ትናንት ማታ ዶክተሯ መጡ። «የቀሩትንም አስወርጄ ባነር ልሰቅል ነው። በሽተኞቼ ጉድለቱን ቀና ብለው ያዩትና ይመለሳሉ» አሉኝ። ከሥራህ የቀረን ትልቁ ያ ጽሑፍ ነው።

«እስከ ነገ ጠዋት ይታገሡኝ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርግ?»



ዛሬ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ክቡን ከዕቃ ክፍሉ አወጣሁት። ስትወድቅ በእጅህ ስለነበር ጠርዙ ተጨፍልቋል። በጨርቅ ጠቅልዬ ቀስ እያልኩ በመዶሻ መለስኩት። ዘበኛው መሰላሉን ያዘልኝ።

«ወደ ኋላ ብታይ እኔው ራሴ ነኝ የምጥልህ» አለኝ።

አላየሁም። አንጠለጠልኩት፣ ወረድኩ፣ ተሻግሬ አየሁት። ተመልሼ ወጣሁ፣ ዝቅ አደረግኩት፣ እንደገና ወረድኩ። ዶክተሯ የተጠቀለለውን ባነር ታቅፈው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እንጃ፤ አንዴ ቀና ስል ባነሩን ይዘው ወደ ውስጥ ገብተዋል።

በመጨረሻ ማዶ ቆሜ ሳየው ልክ መጣ። ሳላስበው እንደ ድሮው ጮህኩ፦ «በቃ፣ እሰረው!»

መሰላሉ ላይ ማንም አልነበረም። ተሻግሬ ወጣሁና ራሴ አሰርኩት።

አፈሩ እንደ ፊደሎችህ አይክበድብህ።

ታናሽህ