ሽንኩርት መክተፊያዋ

ኢሳኦ ወንድሜ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ።

ያችን የዛገች አሮጌ አጭር ሰይፍ ስገዛ «ሽንኩርት መክተፊያ ገዝተህ መጣህ?» ብለህ ስቀህብኝ አልነበር? በጸደይ እንዲወለውልልኝ እዚህ በሰይፍ ሠሪዎቿ በምትታወቀው ኦሳፉኔ ላለ ባለሙያ ልኬያት ነበር። ዛሬ በአሮጌ ሰይፍ ሰብሳቢዎች ጉባኤ አምስት አጫጭር ሰይፎች ቀረቡልን። የሠሪው ስም የተቀረጸበት የብረቱ ጫፍ እጀታው ውስጥ ስለተሸፈነ ስለቱን ብቻ አይተን መገመት ነው። እንደኛ ማኅበር ሻይ እየጠጡ መንጫጫት የለም፤ ትንፋሽ ብረቱን እንዳይነካው ሁሉም አፉን ዘግቶ ነው የሚያየው።

ሦስተኛዋን ሳያት ልቤ ቀጥ አለ። የአንድ ስመ ጥር አንጥረኛ ስም ጻፍኩ፤ ከስምንታችን ስድስታችን እሱኑ ጽፈናል።

አሮጊቷ መምህራችን ኦኩሙራ እጀታውን ፈቱት። ማንም የማያውቀው የገጠር አንጥረኛ!

«ቶኩጂ፣ ሌላው ይሳሳት፤ አንተ የገዛ ሰይፍህ ትጥፋህ?» አሉኝ።

የኔዋ ነበረች! ባለሙያው ወልውሎ ሳይነግረኝ ለእሳቸው ሰጥቷት ኖሯል፤ ዝገቷ ሲለቅ አላወቅኋትም። ትንፋሼ ብረቷን እንዳይነካ ፊቴን አዙሬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እንዲህ ኮርቼ ተሳስቼ አላውቅም።

ባለቤትህን ቺዮንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ሽንኩርትህን በሌላ ቢላ ክተፍ።

ቶኩጂ