ሐሚድ ያነበበው ወረቀት

መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አሶሳ፣ የሰፈራ መንደር

ዘሀራ ትናንት ክንዷ አብጦ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ባሏን ይማምን፣ «ከተማ ስትሄድ ከማን ጋር ነው የምታድረው? ኤድስ ታመጣብኛለህ» ስላለችው መታት። የተመታች ሴት ሁለተኛ አትጠይቅም፤ በሽታውም በዚያው ዝምታ ይገባል። ስለ ኤድስ ለሴቶች ያዘጋጀሁትን ወረቀት አውጥቼ ሳነበው አፈርኩ። «ከትዳርሽ ውጭ አትሂጂ፤ በቤትሽ ታገሺ፤ ቁጣ አታብዢ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ይህን ለመጻፍ ነው?

ዛሬ በመንደሩ ስብሰባ ላይ የጤና ረዳቱ ሐሚድ አነበበው። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁሉን በወንድ ነው የሚጠራው። «ከትዳርህ ውጭ አትሂድ፤ በቤትህ ታገሥ፤ ቁጣ አታብዛ» አለ። እኔ አንዲት ፊደል ስትሳሳት አላልፍም። ላርመው ተነሣሁ።

ይማም ቀደመኝ። «ይኼ ለእኛ ነው ወይስ ለሴቶቹ?»

«ላንተ ነው» አለች ዘሀራ ከኋላ፣ ክንዷን በፋሻ እንዳንጠለጠለች። «ካልሰማህ ይድገምልህ።»

ሰዉ ሳቀ። ይማም አልሳቀም። ወደ ሐሚድ ዞሮ፣ «እሺ፣ ድገመው» አለ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሐሚድ ደገመው፤ ማንም አልሳቀም።

ይማም እጁን ከዘሀራ ላይ መሰብሰቡን ገና አላውቅም። ወረቀቱን ግን ነገ ሐሚድ እንዳነበበው አድርጌ እንደገና እጽፈዋለሁ።